ጋዝ ወደ ታች፣ ጭስ ወደ ላይ

ዕድሜዬን የጨረስኩት ፊዚክስ በማስተማር ነው። ሐይቅ ከተማ ላይ አንድ ሰው መንገድ መሐል «ቲቸር!» ብሎ ቢጣራ ዞር የምንለው ብዙ ነን፤ ከዞርነው መሐል ሳይጠየቅ ማብራሪያ የሚጀምረው ግን እኔ ነኝ። ባለቤቴ «አንተ ጡረታ ወጣህ፣ አፍህ ግን አሁንም ደመወዝተኛ ነው» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። የተማሪ ደብተር ማረም ካቆምኩ ወዲህ የማርመው ሰው ሆነ። የግንበኛውን ውሃ ልክ፣ የባጃጅ ነጂውን ጎማ፣ የመስጊዱን ድምፅ ማጉያ ሳይቀር አርሜያለሁ። አሁን የምጽፈው የራሴን ስህተት ነው። ይኼኛው ግን አይታረምም።

ባለቤቴ ዓሣ ጠባሽ ነበረች። ግቢያችን ከአስፋልቱ ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፍ ሾፌር፣ ለግሸን ንግሥ የሚሄድ መንገደኛ፣ የከተማው ነጋዴ፣ ሁሉም ከጓሯችን ዛፍ ሥር አረፍ ብሎ ቆሮሶ የሚባለውን የሐይቁን ዓሣ በልቶ ይሄድ ነበር። ሥጋ ቢሆን የእስላም፣ የክርስቲያን ተብሎ ይለያል፤ ሁለት ድስት፣ ሁለት ማዕድ ይጠይቃል። ዓሣ ግን ሁሉንም አንድ ትሪ ዙሪያ ያስቀምጣል። «የዓሣ አራጁ ውሃው ነው» ትል ነበር፣ ቆብ ያደረገውንና ማተብ ያሰረውን ጎን ለጎን እያስቀመጠች።

ጠዋት ጠዋት ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶውን በገመድ ሰክተው ያመጡላታል። ቅርፊቱን ትፍቃለች፣ ጎንና ጎኑን በቢላ ትተለትላለች፣ በጨውና በሎሚ ታሸዋለች፤ ከዚያ በትልቁ መጥበሻ የጋለ ዘይት ውስጥ ትለቀዋለች። ዘይቱ እንዲግል ባሕር ዛፍ ይነዳል። ጠዋት የተለኮሰ እሳት እስከ አሥር ሰዓት አይጠፋም። ጎን በሌለው የሣር ጎጆ ሥር ሃያ ምናምን ዓመት እንዲህ ኖረች። ሳሉ መቼ እንደጀመራት ሁለታችንም አናውቅም። እንደ ቤት ዕቃ ለምደነው ነበር። ሌላ ክፍል ሆኜ ስታስል ስሰማ «አለች» እል ነበር እንጂ «ታማለች» ብዬ አላውቅም።

ወደ አስፋልቱ የምታወጣዋን ዳገት ሦስት ጊዜ ሳታርፍ መውጣት ሲያቅታት ደሴ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ ወጣት ነው። ደረቷን አዳመጠ፣ ራጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አየ፣ ከዚያ «ሲጋራ ያጨሳሉ?» አላት። ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ዞረባት። ሲለቃት «ልጄ፣ እኔ የማጨሰው ባሕር ዛፍ ነው» አለችው። እሱ አልሳቀም። ጭሱን ካላቆመች ሳንባዋ ብዙ እንደማይቆይ ነገረን። እኔን ለብቻዬ ኮሪደር ላይ ጠርቶ ደግሞ፣ «ጭሱ ከቀጠለ አንድ ክረምት ነው፣ ቢበዛ ሁለት» አለኝ። ታክሲው ውስጥ ጎኗ ተቀምጬ ክረምት እቆጥር ጀመር።

ጥብሱን ተይው ብያት ነበር። «ተቀምጬ ምን ልሁን? አንተን ሳዳምጥ ልሙት?» አለች። ቀልዷ ነው፣ ቁም ነገሯም ነው። ልጆቻችን ርቀው ሄደዋል። እሷ ሰው የምታየው፣ ወሬ የምትሰማው፣ የምትስቀው እዚያ መጥበሻ ዳር ነው። ከዚያ ብታነሳት ምን እንደሚተርፋት እኔም አላውቅም ነበር። ስለዚህ ጥብሱን ሳይሆን ጭሱን ለማስቆም ወሰንኩ። የኤሌክትሪክ ምድጃ አሰብኩ፤ የእኛ መብራት ግን ዓሣው አንድ ጎኑ ሲበስል ጠብቆ የሚሄድ መብራት ነው። የቀረው ጋዝ ነበር።

«ጋዝ ላስገባልሽ ነው» ስላት ፊቷ ተቀየረ። ለእሷ ጋዝ ማለት ላምባ ነው፤ ኩራዝ ውስጥ የሚጨመረው፣ እጅ ላይ ከፈሰሰ ሦስት ቀን የሚሸተው።

«ኧረ በአላህ! ዓሣዬ ጋዝ ጋዝ ሊል? ሰዉ ምን ይለኛል?»

ስለ ሲሊንደር፣ ስለ ግፊት፣ ተጨምቆ ፈሳሽ ስለሚሆንና ሲለቁት አየር ስለሚሆን ነገር ግማሽ ቀን አስረዳኋት። ሽንኩርቷን እየከተፈች ሰማችኝ።

«እና አይታይም፣ አይጨበጥም፣ ግን ይነዳል?»

«አዎ!»

«እንደ ቁጣህ በለኛ» አለች።

ደሴ ሄጄ የሆቴል ማድቤት የሚገጥም ባለሙያ አገኘሁ፤ እሱ የነገረኝን ይዤ በካሬ ወረቀት ላይ እቅዱን ነደፍኩ። እንዲያ ያለ ደስታ ከተሰማኝ ስንት ዘመኔ ነበር። ሲሊንደሩ ከማድቤቱ ውጭ፣ ጥላ ሥር፣ ቀጥ ብሎ በሰንሰለት ታስሮ ይቆማል። ጎማው በግድግዳው በኩል ይገባል። ምድጃው ወገብ እኩል በሆነ የብሎኬት መደብ ላይ ይቀመጣል፤ ቀና ብላ ቆማ እንድትሠራ። ዋናው ጠላት ነፋሱ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ የጋዝ ነበልባል ቀርቶ የሰው ቆብ ይወስዳል። ስለዚህ ግድግዳው ዙሪያውን እስከ ጣሪያ ይገነባል፤ ቆርቆሮና ግድግዳ የሚገናኙበት በሲሚንቶ ይደፈናል፤ በሩ ጎንበስ ተብሎ የሚገባበት ጠባብ ይሆናል። ባለሙያው ደጋግሞ ያስጠነቀቀኝ አንድ ነገር ነበር። ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈተለከ መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው፤ መውጫውን ከታች አድርግ። ይህንን እኔ ራሴ ለስንት ተማሪ አስተምሬዋለሁ! በየግድግዳው ግርጌ፣ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ሁለት ሁለት ቀዳዳ ተውኩ። ከላይ ምንም አልተውኩም።

ግንበኛው የድሮ ተማሪዬ ነው። የመጨረሻውን ረድፍ ሊደረድር ሲል መሰላሉ ላይ ቆም አለ።

«ቲቸር፣ ከላይ መስኮት ቢጤ አንተውም? ለጭሱ?»

«የምን ጭስ?» አልኩት። «ጭስ የሚባል ነገር ከዚህ ግቢ ወጥቷል!»

ከዚያም ስለ ጋዝ ክብደት አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አስተማርኩት፤ ሲሚንቶው በአካፋው ላይ እስኪደርቅ። «እሺ ቲቸር» ብሎ ብሎኬቱን አስቀመጠ። የሣር ጎጆዋን አስቀድመን አፍርሰናት ነበር፤ ማድቤቱ የተሠራው በእሷ ቦታ ላይ ነው።

የአቅርቦቱንም እቅድ አወጣሁ። ሁለት ሲሊንደር ይኖረናል፤ አንዱ ሲነድ አንዱ ይጠብቃል። አንዱ አምስት ሳምንት ያህል ይቆያል። ባዶው በከተማችን ነጋዴ በኩል በአይሱዙ ደሴ ይሄዳል፣ ሞልቶ ይመለሳል፤ ለመመላለሱ ሁለት ሳምንት ቢፈጅ እንኳ ሦስት ሳምንት ትርፍ አለን። ሠንጠረዥ ሠርቼ ማድቤቱ በር ላይ ለጠፍኩ። ወረቀት ላይ ሁሉም ነገር ያምራል።

መጀመሪያ የለኮስነው ጥቅምት ላይ ነበር። መጋጠሚያውን ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀብቼ መረመርኩ፤ አረፋው አልተነፋም። ክብሪቱን ስጭር ሰማያዊው ነበልባል ዙሪያውን ክብ ሠርቶ ብቅ አለ። ጎንበስ ብላ አየችው። «ይኼ እሳት ነው ሥዕል?» አለች። የመጀመሪያውን ቆሮሶ ጠብሳ ሳትቆርስ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋችው።

«ምን ምን ይላል?»

«ዓሣ ዓሣ።»

«አልሐምዱሊላህ» ብላ ቆርሳ አጎረሰችኝ።

ሰባት ወር እንዲህ ሆነ። ሳሉ ቀነሰ። ትራስ ሳትደራርብ መተኛት ጀመረች። ጉንጯ ላይ ደም ታየ። አንድ ቀን ከአስፋልቱ ስመለስ ከማድቤቱ ድምፅ ሰማሁና አጥሩ ሥር ቆምኩ። ዓሣዋን እያገላበጠች በአምባሰል ቅኝት ታንጎራጉር ነበር። ልጃገረድ ሳለች በሠርግ ቤት ድምፅዋ የሚፈለግ ነበረች፤ ትንፋሿ አልበቃ ሲላት ተወችው። እኔም ዳግመኛ እሰማዋለሁ አላልኩም ነበር። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ኮራሁ። ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ አልኩ። ጎረቤት ሴቶች ማድቤቱን ሊያዩ ሲመጡ ከእሷ ቀድሜ የማስጎበኛቸው እኔ ነበርኩ።

ሚያዝያ ላይ የላክሁት ባዶ ሲሊንደር በሁለት ሳምንት አልተመለሰም። መንገዱ ተዘጋ ተባለ። ከዚያ መንገዱ ተከፈተ፣ ጋዙ ግን ደሴም የለም ተባለ። ከዚያ ደሴ ገብቷል፣ ግን አልበቃም ተባለ። በነጋዴው ሱቅ ደጃፍ ባዶ ሲሊንደሮች ወፍጮ ቤት ወረፋ እንደሚጠብቁ ሴቶች ተደርድረው ቆሙ። የእኔው በሰማያዊ ቀለም ምልክት ያደረግሁበት ስለነበር ከሩቅ አውቀዋለሁ።

«ጋዝ ገባ?» እለዋለሁ።

«አልገባም ቲቸር። ሐሙስ ይገባል።»

ሐሙስ እሄዳለሁ።

«አልገባም። ለጁምዓ ኢንሻአላህ።»

ጋዙም አልገባ፣ ነገሩም ለእኔ አልገባኝ። ሠንጠረዤ ላይ መንገድ ሲዘጋ የሚሞላ ቦታ አልነበረም።

ሁለተኛው ሲሊንደር ያለቀው ግንቦት ውስጥ በአንድ የገበያ ቀን ነው። ነበልባሉ አጠረ፣ ቢጫ ሆነ፣ ፍስስ ብሎ ጠፋ። መጥበሻው ውስጥ አንድ ጎናቸው የበሰለ ዓሣዎች ነበሩ፤ ዛፉ ሥር እንግዶች ተቀምጠዋል። ወጥታ ከአጥሩ ሥር የቀረውን አሮጌ እንጨት አቅፋ ገባች። ሦስት የብሎኬት ስባሪ ወለሉ ላይ ጎልታ አነደደች። «ለዛሬ ብቻ ነው» አልኳት። «ለዛሬ ብቻ ነው» አለች እሷም።

ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ይህን ለማወቅ ፊዚክስ አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል። ጭሱ ወጣ፣ ቆርቆሮውን ነካ፣ መውጫ ፈለገ፣ አጣ፤ ከዚያ ተንሰራፍቶ እየወፈረ ወደ ታች ወረደ። ግርጌ ያሉት ቀዳዳዎቼ ነፋስ እያስገቡ እሳቱን ያራግቡታል፤ ጭሱን ግን ቅንጣት አያስወጡትም። በሩም አጭር ስለሆነ ጭሱ የሚወጣው የሰው ደረት ድረስ ከወረደ በኋላ ነው። ለከባዱ ጋዝ የሠራሁት ቤት ለጭስ ጎተራ ሆነ። ባለቤቴ በሁለተኛው ቀን ብልሃቱን አገኘችው። በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ራሷን ጉልበቷ ዘንድ ድረስ ዝቅ አድርጋ፣ ከወለሉ አጠገብ ባለው ንጹሕ አየር እየተነፈሰች ትጠብሳለች። ቀና ብላ እንድትሠራ ያሠራሁት መደብ ጭሱ ውስጥ ተውጦ ቀረ።

ከሰል ሞከረች፤ በዚያ ታፍኖ በቀረ ቤት ውስጥ ራሷን አዞራትና ደጅ ወጥታ ወደቀች። ውጭ ሜዳ ላይ ሞከረች፤ ነፋሱ ዘይቱን አመድ አለበሰው፣ ሰኔ ሲገባ ደግሞ ዝናቡ መጣ። ስለዚህ እንጨቱን ይዛ ተመልሳ ገባች። ግድግዳው ላይ የጥቀርሻ መስመር ታየ፤ ከመስመሩ በላይ ጥቁር፣ ከታች ነጭ፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። የአስተማሪ ነገር ሆኖብኝ ለካሁት። መጀመሪያ ትከሻዬ ጋ ነበር። ሐምሌ ላይ እምብርቴ ጋ ደረሰ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፊቷን በነጠላዋ እየጠረገች ከማድቤቱ ወጣች። ዓይኗ ፍም መስሏል። ትንፋሿ እስኪመለስ ግድግዳውን ተደግፋ ቆየች።

«እስቲ ከላይ አንዲት ብሎኬት አውጣልኝ» አለችኝ። «አንዲት ብቻ።»

«ጋዙ ሊገባ ነው እኮ። አሁን ላፍርስ?»

«ሲገባ ትደፍነዋለህ።»

«ግድግዳ እንደ ማሰሮ ክዳን የሚከፈትና የሚዘጋ ይመስልሻል? አንዱን ብትነቅይ ቆርቆሮው ይለቃል፣ ነፋሱ ይገባል፣ ነበልባሉን ያጠፋል፤ ያልነደደ ጋዝ ሲጠራቀም ደግሞ...»

«እሺ» አለች። «እሺ፣ አብሽር።»

ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። አሁን እውነቱን ልናገር። ቆርቆሮው አይለቅም ነበር። ነበልባሉን የሚያጠፋ ነፋስም በአንዲት ብሎኬት ቀዳዳ አይገባም። ይህን ያኔም አውቅ ነበር። ያቺን ብሎኬት ማውጣት ማለት ግን እቅዴ ሞቷል ማለት ነው። ግንበኛው ልክ ነበር ማለት ነው። ከተማው ሁሉ እየመጣ ያየው፣ እኔም በኩራት ያስጎበኘሁት ማድቤት የስህተት ቤት ነበር ማለት ነው። ሰው ለሚስቱ ሳንባ ሲል ኩራቱን አይሰብርም? እኔ አልሰበርኩም። ነገ ይገባል ብዬ ተስፋ ያደረግሁ መስሎኝ ነበር፤ ተስፋ አልነበረም፣ እልህ ነበር። ተስፋና እልህ መልካቸው ይመሳሰላል።

ከዚያ ወዲህ ሳሏን ከእኔ መደበቅ ጀመረች። ሲመጣባት ከአጥሩ ጀርባ ዞራ ታስላለች። እሰማታለሁ። ስሰማት ጃንጥላዬን አንስቼ ወደ ነጋዴው እሄዳለሁ፤ ሚስቱን ለማዳን የሚሯሯጥ ሰው እመስላለሁ። «ቲቸር፣ አይልፉ እኔ እደውልልዎታለሁ» ይለኛል። እኔ ግን በየቀኑ እሄዳለሁ። እዚያ መቆም እቤት ከመቀመጥ ይቀል ነበር።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት ዓሣዋን ፍቃ ሳትጨርስ ቢላውን አስቀመጠች። ከንፈሯ ጠቁሯል። በባጃጅ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ በመኪና ደሴ ወሰድናት። አልጋዋ ራስጌ ላይ የኦክስጅን ሲሊንደር አቆሙላት። ቁመቱ፣ አንገቱ፣ መክፈቻው፣ የግፊት መለኪያ ሰዓቱ፣ ሁሉም የማውቀው ነገር ነው። የሰዓቱን ቀስት ማንበብ ስለምችል ቁጭ ብዬ እሱን አነባለሁ፤ ፊቷን ማየት ስለፈራሁ። ጭንብሉን ከፍ አድርጋ ጠራችኝ።

«ይኼኛውስ ጋዝ ጋዝ አይልም» አለች።

ልስቅላት ሞከርኩ። አልሆነልኝም።

ሁለተኛው ቀን ላይ ከሰዓት በፊት እጄን ያዘችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር፣ ሎሚ ሎሚ ይሸታል።

«አፉ በለኝ» አለችኝ።

በእኛ አገር ሰው ሰፈሩን ሊለቅ ሲል፣ ሐጅ ሊሄድ ሲል፣ ወይ ሕመሙ ሲጠናበት፣ አብሮ የኖረውን ሁሉ አፉ በለኝ ይላል። ይቅር በለኝ ማለት ነው፣ ከዚያም ይበልጣል፤ አውቄም ሳላውቅም የበደልኩህን ተውልኝ፣ አላህ ዘንድ አትያዝብኝ ማለት ነው። የተጠየቀው «አፉ ብያለሁ» ብሎ እሱም በተራው አፉ በለኝ ይላል። ከልጅነታችን የምናውቀው ነው። ሁለት ወገን ያለው ነገር ነው።

«ምን በድለሽኝ?» አልኳት።

«በለኝ ብቻ።»

«አፉ ብዬሻለሁ።»

ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። ተራዬ መሆኑን አውቃለሁ። አፌ ውስጥ ነበር ቃሉ። ከተናገርኩት ግን ሁለታችንም ስለ የትኛው በደል እንደሆነ እናውቃለን፤ ደግሞም ትሞቻለሽ ማለት ይሆንብኛል ብዬ ሰበብ አበጀሁ። ሠላሳ ዓመት ያለ ማቋረጥ ሲናገር የኖረ አፍ ለአንዲት ቃል ዲዳ ሆነ። ጠበቀችኝ። እኔም ዝም ማለት ሲያቅተኝ፦

«ጋዙ ሐሙስ ይገባል አሉ» አልኳት።

ውሸት ነበር። ማንም ምንም አላለኝም።

«ኢንሻአላህ» አለችና ጭንብሏን መልሳ አደረገች።

ረቡዕ ጠዋት ሞተች።

ሐይቅ ስንደርስ ቅሬያችን ሁሉን አሰናድቶ ጠበቀን። ቅሬ በእኛ ዘንድ ሬሳ የሚያነሳ፣ ሐዘን የሚያስተናግድ የሰፈር ማኅበር ነው፤ እስላምም ክርስቲያንም አለበት። ወንዶቹ ጉድጓድ ቆፍረዋል፣ ሴቶቹ እንጨትና ድስት ይዘው ግቢ ገብተዋል። ዝናቡ ሳያባራ ነበር የቀበርናት። አፈሩ ከመመለሱ በፊት አንድ ሽማግሌ ወደ ሕዝቡ ዞረው «አፉ በሏት!» አሉ። «አፉ ብለናል!» አለ ሰዉ፣ ክርስቲያኑም ጭምር። እኔም አልኩ፣ ለሁለተኛ ጊዜ። እሷ እኔን አፉ እንድትለኝ የሚጠይቅልኝ ግን የለም። እንዲህ ያለ ሥርዓት ማንም አላበጀም።

ተመልሰን ግቢ ስንገባ ሴቶቹ በዝናቡ ምክንያት ማድቤቱ ውስጥ ምስር ወጥ እየሠሩ ነበር። በሩ ላይ ሳይሆን ቆርቆሮው ሥር ጭስ አየሁ። ከላይኛው ረድፍ ሁለት ብሎኬቶች ጠፍተዋል፤ ስባሪያቸው ጭቃው ላይ ወድቋል፣ ዶማው ግድግዳውን ተደግፏል። በቀዳዳው ጭሱ ሳይቸኩል ወደ ሰማይ ይወጣል። ውስጥ ያሉት ሴቶች ቆመው፣ ቀና ብለው ያወራሉ። አንዷም አታስልም።

ከሴቶቹ አንዷ፣ ከአጥራችን ማዶ የምትኖር ክርስቲያን ጎረቤታችን፣ እኔን ስታይ ደንግጣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ቤትዎን ነካሁት። ጭሱ ሊገድለን ሆነ። እርስዎን እንዳላስፈቅድ ቀብር ላይ ነበሩ።»

ቆርቆሮውን አየሁ። አልለቀቀም።

«ብዙ ጊዜ ፈጀብሽ?» አልኳት። ለምን ይህን እንደጠየቅሁ አላውቅም፤ ግን ማወቅ ነበረብኝ።

«ኧረ ምን ይፈጃል ጋሼ» አለችኝ፣ «የጣድኩት ሽንኩርት እንኳ አልቀላም።» ከዚያ ወጡ እንዳያርርባት ጎንበስ ብላ ገባች።